የጨመርኩት ዓይን

ሱቄ ጁባ፣ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ጫፍ ላይ፣ በጎማ ጠጋኙና በሞባይል ካርድ ሻጩ መካከል ናት። ሱቅ አልኳት እንጂ ሦስት የቆርቆሮ ግድግዳና አንድ የሸራ ጣሪያ ናት። እዚያ ቁጭ ብዬ የሆቴል፣ የምግብ ቤትና የመድኃኒት ቤት ማስታወቂያ እጽፋለሁ፤ ራክሻ የምንላት ባለሦስት እግር ታክሲ ጀርባ ላይ አንበሳ እሥላለሁ። በይበልጥ የምታወቀው ግን በውኃ ቦቴ ነው። እዚህ ውኃ ከነጭ አባይ ተስቦ በሰማያዊ ቦቴ ነው የየሰው ደጅ የሚደርሰው። ከባለቦቴዎቹ ብዙዎቹ ያገሬ ልጆች ናቸው፤ ቦቴያቸው ምንም ሳይሣልበት መንገድ ላይ መውጣቱን እንደ ራቁትነት ያዩታል። አንዱ መስቀል፣ አንዱ ንስር፣ አንዱ ደግሞ "የእናቴ ጸሎት" የሚል ጽሑፍ ያዝዛል።

ከመቀመጫዬ ፊት ለፊት አንድ የተገለበጠ የቀለም ባልዲ አለ። ታቹ ላይ ሰማያዊ ቀለም ደርቆበታል። ደንበኛ ሲመጣ ወንበር አመጣለታለሁ እንጂ እዚያ ላይ ማንም እንዲቀመጥ አልፈቅድም። ባልዲው የልጄ መቀመጫ ነው። እሷ አሁን ካምፓላ ሥዕል ትማራለች። ዱሮ የባልዲው ቦታ ፊት ለፊቴ ሳይሆን በግራዬ ነበር። ከግራዬ ወደ ፊቴ እንዴት እንደ ዞረ ነው የምጽፈው።

እኔን ሥዕል ያስተማረኝ የለም። ይህን የምለው ለመኩራት አይደለም ብል እዋሻለሁ። በሃያ ዓመቴ ገደማ ልስን ሠራተኛ ነበርኩ፤ አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሲታደስ ግድግዳውን እኛ ለስነን ስንጨርስ አንድ ሽማግሌ ሠዓሊ መጡ። አቡጀዲውን በኮላ ግድግዳው ላይ እየለጠፉ በላዩ ላይ ይሥሉ ነበር። ጣሪያው ላይ አካል የሌላቸው፣ ራስና ክንፍ ብቻ የሆኑ መላእክት እንደ ከዋክብት ደረደሩ። ሥራዬ ካለቀ በኋላም አልሄድኩም። ዐቢይ ጾምን ሙሉ መሰላሉ ሥር ቆሜ እጃቸውን አየሁ። መጠየቅ አይወዱም ነበር። አንድ ቀን ግን ጌታውን በብር የሸጠውን ደቀ መዝሙር ሲሥሉ አላስቻለኝም።

"አባ፣ ሌላው ዓይኑስ?" አልኳቸው።

"ለእሱ አንድ ይበቃዋል" አሉኝ፤ ፊታቸውን እንኳ አላዞሩም።

ከዚያ በኋላ ግድግዳውን ሁሉ ዞሬ አየሁ። እውነትም ደጋጎቹ በሙሉ ፊት ለፊት ናቸው፤ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ሰፋ ብለው ያያሉ። ሰይጣኑ፣ ገራፊዎቹ፣ ከሐዲዎቹ ግን በጎን ተሥለዋል፤ አንድ አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። ያ ሕግ አጥንቴ ውስጥ ገባ። ከማስታወቂያ ጸሐፊነት ሌላ ሥራ ባላገኝም ሕጉን አልጣስኩም። አንድ ፀጉር አስተካካይ ቁርጡ ከጎን እንዲታይለት የጎን ፊት ሣልልኝ ቢለኝ፣ "ሌላ ሰው ፈልግ" ብዬ መልሼዋለሁ። ሰውየው እስከ ዛሬ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል።

ሚስቴ የዚህ አገር ልጅ ናት፤ ያደገችው ግን ጋምቤላ ነው። አማርኛዋ ከኔ ይሻላል፣ ስድቧም ጭምር። አገሯ ነጻ ሲወጣ "እገባለሁ" አለች፤ ተከትያት መጣሁ። ከወንዙ ድልድይ ማዶ፣ ጉምቦ በሚባል ሰፈር ቤት ሠራን፤ አባቷም ከእኛ ጋር መኖር ጀመሩ። ከብት ሲያረቡ የኖሩ ረጅም ሽማግሌ ነበሩ። ግንባራቸው ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚደርሱ ስድስት የጠባሳ መስመሮች ነበሩ፤ ልጅነት አብቅቶ ሰው መሆን ሲጀመር የሚቀደዱ ናቸው። እሳቸው አማርኛ አያውቁም፤ እኔ የእሳቸውን ቋንቋ ከሰላምታ አላልፍም። ከልጄ ጋር ግን ወሬያቸው አያልቅም ነበር።

ያን ጊዜ ጉምቦ መብራት አልነበረም። ሳይመሽ እራት ይበላና ሁለቱ ደጅ ላይ የላስቲክ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። ሰማዩ ሲጠቁር ሽማግሌው በከዘራቸው ወደ ላይ እያመለከቱ ያወራሉ። ልጄ ጣቷን ግንባራቸው ላይ አድርጋ አንዱን መስመር ከጆሮ እስከ ጆሮ ትከተልና ያንኑ ጣት ወደ ሰማይ ታነሳለች።

"አባዬ፣ እነዚህ መንገዶች ናቸው" አለችኝ አንድ ምሽት። "እያንዳንዱ መስመር አንድ ኮከብ የሚሄድበት ነው። አያቴ ነው ያለኝ።"

ሽማግሌው እውነት ብለዋት ይሁን፣ ከራሷ ፈጥራው ይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ያን ጊዜ የመለስኩላት "የቤት ሥራሽን ጨርሰሻል?" ብዬ ነው።

ከትምህርት ቤት ስትወጣ በሚኒባስ ድልድዩን ተሻግራ ሱቅ ትመጣለች። ዩኒፎርሟ ላይ አሮጌ ሸሚዜን ደርባ በግራዬ ባልዲዋ ላይ ትቀመጣለች። ሥራዋ ብሩሽ ማጠብ ነበር። መጀመሪያ ቀለም በሚያሟሟው አኳራጅ፣ ከዚያ በሳሙና፣ ከዚያ በጨርቅ አድርቆ ፀጉሩን በጣት ማቃናት፣ ከዚያ አጋድሞ ማስቀመጥ። ብሩሹን ሳያጥብ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ሥራውን አይወድም፤ ሥራውን የማይወድ ሰው ደግሞ ቀለሙ ይላጣል። ይህን ዛሬም አምናለሁ። ስለዚህ ለዓመታት ብሩሽ አሳጠብኳት እንጂ አላስያዝኳትም።

እሷ ግን ታወራለች። ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ መምህሯ ጫማ፣ ድልድዩ ላይ ስላየችው ጀልባ። እኔ "እ" እላለሁ። ዓይኔን ከፊደሉ አላነሳም። ሰው ፊደል እየጻፈ ዞር ካለ መስመሩ ይጎብጣል፤ የጎበጠ መስመር ደግሞ ለዘላለም ቦቴ ላይ ከተማውን ሲዞር ይኖራል። ያን ጊዜ ይህ ትልቅ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር።

ሽማግሌው ያረፉት እሷ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆናት ነው። ከለቅሶው በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ አላወራችም። አንድ ቀን ቦቴ ለመጨረስ ወጥቼ ስመለስ የሱቁን የውስጥ ግድግዳ በከሰልና በትርፍራፊ ቀለም ሞልታው አገኘሁ። የአያቷ ፊት ነበር። ስድስቱ መስመሮች ግንባራቸው ላይ ጀምረው ከጆሯቸው ያልፋሉ፤ ቆርቆሮውን ተከትለው እስከ ማዕዘኑ ይሄዳሉ፤ በላያቸው ላይ ነጫጭ ነጥቦች እንደ ከብት ተሰልፈዋል። ጥሩ ነበር። ጥሩ መሆኑን ያኔም አውቄያለሁ። ነገር ግን በማግስቱ አንድ የሆቴል ባለቤት የፊደል ናሙና ሊያይ ይመጣ ነበር፤ ናሙናውን የማሳየው ደግሞ በዚያ ግድግዳ ላይ ነው። ጠዋት እሷ ትምህርት ቤት እያለች ነጭ ቀለም አለበስኩት።

ከሰዓት መጣች፤ ግድግዳውን አየችው። ባልዲዋ ላይ ተቀምጣ ነጭ የነካውን ብሩሽ አነሳችና አጠበችው። እንደዚያ ቀን አጽድታው አታውቅም። እኔም የልጅ ነገር ነው፣ ይረሳል ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። የሆቴሉ ሰውዬ ናሙናውን አይቶ "አስብበታለሁ" እንዳለ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ሱቅ ውስጥ አልሣለችም። አሥራ ሰባት ሲሞላት ግን ቤት ውስጥ ጀመረች። አቡጀዲ በእንጨት ላይ እየወጠረች ከቦቴ የተረፈኝን ሰማያዊ ትወስዳለች። የምትሥለውን ሳይ መጀመሪያ የታመመች መሰለኝ። የውኃ ቦቴ ከዋክብት መካከል ይንሳፈፋል፤ አባይ መሬቱን ትቶ እንደ ጥምጥም ሰማይ ላይ ይጠመጠማል፤ ሴቶች ጀሪካናቸውን ይዘው ጨረቃ ላይ ወረፋ ይጠብቃሉ። የኔ መላእክት፣ እነዚያ ቦቴ ላይ የምሥላቸው ራስና ክንፍ ብቻ የሆኑት፣ ፕላኔት ሆነው ይዞራሉ። አንዱ ሥዕል ላይ ተራራ ይበር ነበር።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኳት።

"ጀበል ኩጁር ነው" አለችኝ፣ ከከተማችን ዳር ያለውን ተራራ ጠቅሳ።

"ጀበል ኩጁር መቼ ነው የበረረው?"

"የአንተ መላእክት ያለ ሆድ ያለ እግር ይበሩ የለ? ማን ጠየቀህ?"

"እነሱ መላእክት ናቸዋ!"

"ይሄም ተራራ ነዋ!"

ሚስቴ ከጓዳ ሆና ሳቀች። "አርፈህ ቁርስህን ብላ፣ ሰውዬ። ተመለሰልህ።"

የሥዕሉ ዓይነት ስም እንዳለው የነገረችኝ ያን ቀን ነው። አፍሮ ሱሪያሊዝም። ያለውንና የሌለውን፣ የሞተውንና ገና ያልተወለደውን እንደ ተራ ነገር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው አለችኝ። "ሕልም አይደለም አባዬ። የኛ የጥቁሮች ኑሮ ራሱ እንዲህ ነው። አንተ ጁባ ተቀምጠህ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ቦቴ ላይ ትሥላለህ፤ አያቴ ሞቶም ግንባሩ ሰማይ ላይ አለ።"

"ስሙን ብቻ ለመጻፍ ሁለት ሜትር ቆርቆሮ ይፈልጋል" አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን የተናገረችው ነገር ለብዙ ቀን ከጆሮዬ አልወጣም።

ካምፓላ ያለ የሥዕል ትምህርት ቤት ሲቀበላት አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከመሄዷ ሦስት ሳምንት በፊት መሐል ከተማ ባለ አንድ አዳራሽ ወጣት ሠዓሊዎች ሥራቸውን ሊያሳዩ ሆነ፤ እሷም ስድስት ሥዕል እንድትሰቅል ተፈቀደላት። "ክፈፉን አንተ ሥራልኝ" አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ደስታዬን ግን አላሳየሁም። "እንጨቱ እርጥብ እንዳይሆን" ብቻ አልኩ። አምስቱን ከፍፌ ሰጠኋት። ስድስተኛውን ከዋዜማው በፊት ለማንም አላሳየችም። በዋዜማው ከሰዓት በአንሶላ ጠቅልላ ሱቅ አመጣችው። "አሁን አትየው። ስትከፍፈው ግድ ታየዋለህ፤ ነገ አዳራሹ ድረስ አምጣልኝ" ብላ ሄደች።

ገለጥኩት። እኔ ነበርኩ።

ጥቁር ሰማይ ላይ የሚንሳፈፍ ሰማያዊ ቦቴ አለ። በላዩ የቀለም ባልዲ ላይ ተቀምጬ በብሩሽ እጽፋለሁ። የምጽፋቸው ፊደሎች ከቦቴው እየተላቀቁ ይወጣሉ፤ እየራቁ ሲሄዱ ትናንሽ ከዋክብት ይሆናሉ። ከግንባሬ የአያቷ ስድስት መስመሮች ወጥተው ፊደሎቹን ይዘው ይዞራሉ። እጄን እንዴት አድርጋ እንደ ሣለችው! የአውራ ጣቴ ጥፍር ውስጥ የማይለቀው ቀለም እንኳ አለ። ፊቴ ግን ከጎን ነው። አንድ ዓይን።

ባልዲው ላይ ቁጭ አልኩ። መሰላሉ ሥር የቆምኩበት ቀን፣ የሽማግሌው ሠዓሊ ድምፅ፣ "ለእሱ አንድ ይበቃዋል" ያሉት ሁሉ መጣብኝ። ልጄ ፈረደችብኝ አልኩ። ያለበስኩት ነጭ ግድግዳ ታወሰኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ በሆዷ ይዛ ቆይታ ከመሄዷ በፊት፣ በሕዝብ ፊት፣ ከገራፊዎቹ ጋር አቆመችኝ። ደግሞስ አልተሳሳተችም ብዬ አሰብኩ፤ የባሰው ይህ ነበር። ልጄ ልትሄድ ነው፤ ይዛኝ የምትሄደው እንዲህ አድርጋ ነው። ሌላ ፊት ላሳያት የቀረኝ ጊዜ ሦስት ሳምንት ነው።

ትልቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ጠብቆ ይጠይቃት ነበር። እኔ ብሩሽ አነሳሁ።

የጎን ፊት ላይ ለሁለተኛ ዓይን ቦታ የለም፤ ይህን ማንም የሥዕል ጀማሪ ያውቃል። ግን ገባሁበት። ከመጀመሪያው ዓይን ኋላ፣ ጆሮዬ አጠገብ፣ ሽማግሌው ሠዓሊ እንደሚሥሉት አድርጌ ሠራሁት፤ ጥቁር ጠርዝ፣ ሰፊ ነጭ፣ መሐሉ ላይ ትልቅ ብሌን። ዓይኑ ለብቻው ሲታይ በሕይወቴ ከሣልኳቸው ሁሉ የተሻለ ነበር። ቦታው ነው እንጂ የከፋው። የጁባ ፀሐይ በቶሎ አደረቀው። ከፈፍኩት፤ መልሼ በአንሶላ ጠቀለልኩት። ማንም አያስተውልም ብዬ ማሰቤን ዛሬ ስጽፈው እንኳ ያሳፍረኛል።

በማግስቱ በራክሻ ይዤው ሄድኩ። ሰው መግባት ጀምሮ ነበር። ልጄ በር ላይ እንግዳ ትቀበል ስለነበር ሚስማር የያዘው ሰውዬና እኔ ሰቀልነው። እሷ ዞር አለች። ሥዕሉን አየችው። ከዚያ እኔን። ከዚያ እንደገና ሥዕሉን። ሰውየው "ላውርደው?" ሲላት ራሷን ነቀነቀችና "ተወው" አለችው።

ከባለቦቴ ደንበኞቼ አንዱ ሊያይ መጥቶ ነበር። ሥዕሉ ፊት ቆሞ ራሱን ወዲህ ወዲያ አዘነበለ።

"ጋሼ፣ አንተ ነህ አይደል? ምነው ዓይንህ ጆሮህ ጋ ሄደ? ወሬ ሊያዳምጥ ነው?"

"ሥዕል አታውቅም፤ ዝም በል" አልኩት።

"አላውቅም፤ ግን ሁለተኛው ዓይን የቦቴዬን ንስር ይመስላል።"

ንስሩንም የሣልኩት እኔ ነኝና፣ አውቆ ይሁን ሳያውቅ፣ ያዘኝ። ቀጥሎ አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት፣ ልጄን ስትጠይቃት ሰማሁ፤ ለምን ሁለቱም ዓይኖች በአንድ ጎን ሆኑ? ልጄ ቀስ ብላ መለሰች። "አንዱን የሣልኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛውን ሰውየው ራሱ ጨመረው።" ሴትየዋ ትልቅ ምሥጢር እንደ ተነገራት ሁሉ ራሷን ነቀነቀች። ከስድስቱ ሥዕሎች ብዙ ሰው የቆመው እዚያ ፊት ነበር። እኔ ግን አዳራሹ ውስጥ መቆሚያ አጣሁ።

ሲያበቃ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ እሷ መስኮቱ ጋ። ከዚያ ጠየቀችኝ።

"ለምን ነካኸው?"

"አንድ ዓይን አድርገሽ ሣልሽኝ።"

"እና?"

"አንድ ዓይን የሚሣለው ለኃጢአተኛ ነው። ለከሐዲ፣ ለገራፊ። ደጋግ ሰዎች ሁለት ዓይን አላቸው። ሕጉ ነው።"

"የምን ሕግ? ማን ነው ያለው?"

ሕጉን ነግሬያት አላውቅም ነበር። አኳራጁን፣ ሳሙናውን፣ ጨርቁን ነገርኳት። መላእክቱን ስሥል እያየችኝ አደገች፤ የሥዕሉን ትርጉም ግን አንድ ቀን እንኳ ዞር ብዬ አልነገርኳትም። የማታውቀውን ሕግ ጠቅሳ ፈረደችብኝ ብዬ ነው ሥዕሏን ያበላሸሁት።

መጀመሪያ ሳቀች፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ከልቧ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

"አባዬ፣ እኔ አንተን የማውቅህ ከጎን ነው" አለች። "በግራህ ተቀምጬ ነው ያደግሁት። ጆሮህ ሥር ያለችውን ምልክት አውቃታለሁ። ስትቆጣ ጉንጭህ ላይ የምትዘለዋን የደም ሥር አውቃታለሁ። ፊትህን አዙረህ አይተኸኝ አታውቅም። እራት ላይ እንኳ የምታየው ሳህኑን ነው። የማውቀውን ሣልኩ፤ ሌላ ምን ልሣል?"

"የአያትሽን ሥዕል ስላጠፋሁት መስሎኝ…"

"እሱንም አልረሳሁትም። ይሄኛው ግን ቂም አይደለም። ስለምወደው ነው የሣልኩት፤ ያንን የጎን ፊት።"

ይህን ስትል ወደ እሷ ልዞር ፈለግሁ። ረዳቱ ከፊት ወንበር ዘወር ብሎ እጁን ዘረጋ፤ "ያ ኡስታዝ፣ ግሩሽ! ሂሳብ!" ኪሴን ስፈትሽ ድልድዩ ላይ ወጣን። ከፍዬ ስዞር እሷ ወንዙን ታይ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ብዬ ያየኋት ያኔ ነው፤ እኔም ያየሁት የጎን ፊቷን ብቻ ነበር።

ቤት ስንደርስ ሚስቴ ሁሉንም ሰምታ እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "ይቅርታ ብለሃታል?" አለችኝ። አላልኩም ነበር። ለልጅ ይቅርታ የሚል አባት አላየሁም፤ አባቴም አላለኝም። ይህን እንደ ምክንያት ሳቀርብ "ታዲያ አባትህ ሁለት ዓይን ነበረው?" ብላ ጥላኝ ገባች። በማግስቱ ጠዋት ልጄን በር ላይ አገኘኋትና "ዓይኑን በምላጭ ፍቄ ላንሳልሽ" አልኳት። ይቅርታ ማለቴ ነበር።

"አትንካው" አለች። "በቃ፣ ሥዕሌን አትንካ።"

ሁለት ሳምንት በሰላምታ ብቻ ተላለፍን። ልብሷን ታጥባለች፣ ሻንጣ ታስተካክላለች። ሱቅ አልመጣችም። በግራዬ ያለው ባልዲ ባዶውን ሲቀመጥ ሥራ አላሠራኝም። እጄ የማይስት ሰው ሆኜ ሳለሁ የአንድ ምግብ ቤት ስም ሁለት ጊዜ ተሳስቼ አጠፋሁ። ልጅ አጠገብህ ሆና ስታወራ ሥራ ታስፈታለች፤ ዝም ስትል ግን ሥራው የማን እንደ ነበር ይገባሃል። ይህን ለሌሎች አባቶች እናገራለሁ። አይሰሙኝም፤ እኔም በጊዜው ሰው ቢነግረኝ አልሰማም ነበር።

ልትሄድ አራት ቀን ሲቀራት፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ "ሱቅ ድረስ ነይ" አልኳት። መጣች። ባልዲውን ከግራዬ አንስቼ ፊት ለፊቴ አስቀምጬው ነበር። ከኋላው ያ ነጭ ያለበስኩት ግድግዳ ነው።

ባልዲውን አየች። "ብሩሽ ልጠብ?"

"አይደለም። ተቀመጪ። ልይሽ።"

"ምን ልታየኝ?"

"ስላጠፋሁት ይቅርታ። የአያትሽንም፣ ያንቺንም። አሁን ተቀመጪ፤ አገጭሽን ቀና አድርጊ።"

ቃሉ እንዲህ ነበር የወጣው፤ እንደ ትእዛዝ። ግን ወጣ። ተቀመጠች።

ግድግዳው ላይ መሣል ጀመርኩ፤ ፊት ለፊት፣ እንደ ሕጉ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ምንም እንደማላውቅ አወቅሁ። የግራ ዓይኗ ከቀኙ ትንሽ ያንሳል። ቅንድቧ መሐል ፀጉር የማይበቅልበት ቀጭን ጠባሳ አለ።

"ይቺ መቼ ነው?"

"ስምንት ዓመቴ ላይ። ከመሰላልህ ወድቄ። ሐኪም ቤት ይዘኸኝ የሮጥከው አንተ ነህ።"

"እኔ?"

"ተሸክመኸኝ። ጀርባህ ላይ ስለነበርኩ ያን ቀንም ፊትህን አላየሁትም" አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ዓይኔን ግን ጠረግሁ። አኳራጁ ነው አልኳት። ሽታው ያስለቅሳል። እሷ ግን አላመነችኝም።

"አባዬ፣ ዓይኔን እንደዚህ አታፍጥጠው። ጉጉት አስመሰልከኝ።"

"ሕጉ ነው።"

"ሕጉን ትንሽ ቀንስልኝ።"

ቀነስኩላት። ፊቷ ሲያልቅ ተነስታ ብሩሹን ከእጄ ወሰደች። ሳትጠይቀኝ። ከግንባሯ ስድስት መስመር አስነስታ ቆርቆሮውን ተከትላ እስከ ማዕዘኑ ወሰደችው፤ የአያቷ መስመሮች ዱሮ የደረሱበት ቦታ ድረስ፤ ነጥቦቹንም በላያቸው አሰለፈች። ከዚያ "ፊደል ጻፍበት" አለችኝ። ፊደሎቹን በመስመሮቹ ላይ እየበተንኩ ጻፍኩ፤ ቃል እንዲሆኑ ሳልፈልግ። ለሠላሳ ዓመት ትርጉም የሌለው ፊደል ጽፌ አላውቅም ነበር። የሚሆን አልመሰለኝም፤ ሆነ። ስንጨርስ ብሩሾቹን እኔ አጠብኩ።

ያችን የእኔን ሥዕል ከክፈፏ አውጥታ ጠቅልላ ካምፓላ ይዛት ሄደች። የጨመርኩትን ዓይን አላጠፋችውም። አስተማሪዎቿ ስለ እሱ ብዙ ይላሉ፤ እሷም እውነቱን ትነግራቸዋለች አሉ። ጥሩ ነው። እኔ ግን አሁንም አንዳንድ ሥዕሏን አልወድም። በቅርቡ በላከችው ሥዕል ላይ ላሟ ሆድ ውስጥ ፀሐይ ያለው ለምን እንደ ሆነ አልገባኝም፤ ይህንንም ነግሬያታለሁ።

ግድግዳው ላይ ያለችውን የሚያይ ደንበኛ ሁሉ "ይቺ ቅድስት ማን ናት?" ይለኛል። "ብሩሽ አጣቢዬ ናት" እላለሁ። የሚያምነኝ የለም።

እሑድ እሑድ ከሰዓት በቪዲዮ ትደውላለች። ባለፈው ሳምንት ስትደውል ለሰኞ የተቀጠረ ቦቴ ነበረብኝ፤ ስልኩን በግራዬ መሰላሉ ላይ አስደግፌ፣ "እ" እያልኩ፣ አንድ ረጅም መስመር እስብ ነበር።

"አባዬ" አለች።

"እ።"

"ጆሮህን ነው የማየው።"

መስመሩ ገና ግማሽ ላይ ነበር። ብሩሹን አኳራጁ ውስጥ ከተትኩና ወደ እሷ ዞርኩ። ይጉበጥ።